እስከ ማታ ድረስ፦ የአይሁድ የንጽሕና ሕግ ከጎንደር እስከ ካዛንቺስ

ከመካከላችሁ ብዙዎቹ የድሮ ካዛንቺሶች እንደሆናችሁ አያለሁ። ነባሩ ሠፈር ሲፈርስ በየአቅጣጫው ሄዳችሁ፣ ዛሬ ሁለት ሦስት ታክሲ ቀይራችሁ ስለመጣችሁ ቶሎ ወደ ነገሬ እገባለሁ።

ርእሴ የአይሁድ ሕግ ስለ ንጽሕናና ርኩሰት ምን እንደሚል፣ ሕጉም በተግባር እንዴት እንደተኖረ ነው። ይህን የሰማ አንድ ወዳጄ፣ «ከሠፈር ሁሉ መርጠህ ካዛንቺስ ላይ ስለ ንጽሕና ልታስተምር?» ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ። እኔ ለዚህ ትምህርት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። እሑድ ጠዋት ቂርቆስ ወይም ኡራኤል ብትሄዱ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በሩን ተሳልማ፣ ቅዳሴውን ከውጭ ሆና በድምፅ ማጉያ የምታዳምጥ ሴት አታጡም። ለምን አልገባሽም የሚላት የለም፤ ሁሉም ያውቀዋል። እዚያው ልጅ ክርስትና የሚያስነሡ ቤተሰቦችን ታያላችሁ፤ ወንዱን በአርባ ቀኑ፣ ሴቷን በሰማንያ ቀኗ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከቀብር የተመለሰው ሰው እድሩ በተከለው ድንኳን በር ላይ እጁን ታጥቦ ንፍሮ ሲዘግን ታገኙታላችሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መሠረታቸው ኦሪት ዘሌዋውያን ላይ ነው። ሦስተኛውን የሚመስል ልማድ ደግሞ አይሁድ ዛሬም አላቸው፤ ከመቃብር ሲወጡ እጃቸውን ይታጠባሉ፣ ሐዘንተኛውንም ምስርና እንቁላል ያቀምሱታል።

እንግዲህ ስለ ሩቅ ሰዎች እንግዳ ሕግ የምንነጋገር አይምሰላችሁ።

ሕጉን ለመረዳት አስቀድሞ መራቅ ያለበት አንድ ስሕተት አለ። ብዙ ሰው ረከሰ ሲባል ወይ ቆሸሸ ወይ ኃጢአት ሠራ ማለት ይመስለዋል። በኦሪት ሕግ ሁለቱም አይደለም። ኃጢአት ቢሆን ኖሮ «ብዙ ተባዙ» የተባለችው ሴት በመውለዷ ባልረከሰች ነበር። አባቱን የቀበረ ልጅ ትልቅ ግዴታ ተወጣ፤ ሆኖም ሬሳ ስለነካ ሰባት ቀን ርኩስ ነው። ሌሊት በሕጋዊ ትዳራቸው የተገናኙ ባልና ሚስት ታጥበው እስከ ማታ ድረስ ርኩሳን ናቸው። በደሉ በዋናነት የሚመጣው ሰው በዚያ ሁኔታ እያለ ወደ መቅደስ ሲገባ ወይም የተቀደሰውን ሲበላ ነው። በእርሻው፣ በገበያው፣ በቤቱ ያለው ሰው ረክሶ ቢውል የሚከሰው አልነበረም። ሕጉ ከሁሉ በላይ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ወደ ቅዱሱ ስትቀርብ በምን ሁኔታ ላይ ነህ?

ቆሻሻም አለመሆኑን የሚያሳይ አንድ ማስረጃ ልጥቀስ። ዛሬ በኢየሩሳሌምም ሆነ በኒውዮርክ ያለች ሃይማኖቷን አጥባቂ አይሁዳዊት ወደ መንጻያው ገንዳ፣ እነሱ ሚቅዌ ወደሚሉት፣ ከመውረዷ በፊት ገላዋን በሳሙና አጥርታ ትታጠባለች። ጥፍሯን ትቆርጣለች፣ ፀጉሯን ታበጥራለች፣ ቀለበቷን ታወልቃለች፤ በውሃውና በገላዋ መካከል አንዲት ፋሻ እንኳ መግባት የለባትም። ቆሻሻው ሁሉ ከተወገደ በኋላ ነው ወደ ገንዳው ወርዳ፣ ፀጉሯም ሳይቀር እስኪሰጥም የምትጠልቀው። ለጤና ተብሎ የወጣ ሕግ ነው የሚሉ ወገኖች ይህን ቢያዩ አሳባቸውን የሚለውጡ ይመስለኛል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ታላቁ የሕግ ሊቅ ሙሴ ማይሞኒደስም፣ ርኩሰት ውሃ የሚያስለቅቀው ጭቃ ወይም እድፍ ሳይሆን የመጽሐፉ ድንጋጌ ነው ብሎ በግልጽ አስተምሯል።

ታዲያ የሚያረክሰው ምንድን ነው? ዝርዝሩ በዘሌዋውያን ከምዕራፍ 11 እስከ 15 እና በዘኁልቁ ምዕራፍ 19 ይገኛል። የሰው ሬሳ ከሁሉ ይከብዳል። ከዚያ የእንስሳ በድን፣ ወሊድ፣ የሴት ወር አበባና ከልክ ያለፈ የደም መፍሰስ፣ የወንድ ዘርና የወንድ ፈሳሽ በሽታ፣ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ለምጽ የተባለው የቆዳ ደዌ። አንዱ ታጥቦ እስከ ማታ ይቆያል፣ ሌላው ሰባት ቀን፣ ወላድዋ አርባ ወይም ሰማንያ ቀን። ምዕራፍ 15ን ስታነቡ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነገር፣ የሚጀምረው በወንዱ መሆኑን ነው። አሥራ ስምንት ቁጥር ያህል ስለ ወንዱ ከተናገረ በኋላ ነው ወደ ሴቲቱ የሚሻገረው። እኛ ዘንድ ግን ከደጅ ስትቆም የምትታወቀው ሴቲቱ ብቻ ናት። ወንዱ ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፈ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ፤ ሰው አይጠይቀውም፣ እሱም አይናገርም።

የእነዚህ ነገሮች ማሰሪያ ምን እንደሆነ ሊቃውንት ብዙ ተከራክረዋል። እንግሊዛዊቷ የሰው ባሕል ተመራማሪ ሜሪ ዳግላስ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመችው ታዋቂ መጽሐፍ፣ ርኩስ የሚባለው ከተመደበለት ሥርዓት ያፈነገጠ ነገር ነው አለች። ዘሌዋውያንን በሦስት ወፋፍራም ጥራዞች የተረጎመው አሜሪካዊው ረቢ ጄከብ ሚልግሮም ደግሞ ማሰሪያው ሞት ነው ይላል። ሬሳ ሞት ራሱ ነው፤ ደምና ዘር የሕይወት ምንጭ ናቸውና ሲፈስሱ ሕይወት እየጎደለ ነው፤ የቆዳ ደዌ የያዘው ሰው ሬሳ ይመስላል። የሕይወት አምላክ ወዳለበት ስፍራ የሞት ጥላ ያረፈበት ሰው አይገባም፤ ጥላው እስኪያልፍ ይቆያል። እኔን የሚያሳምነኝ ይህ ነው፤ ግን ሁሉንም አይፈታም። ወላድዋ ለወንድ ልጅ አርባ፣ ለሴት ልጅ ሰማንያ ቀን የምትቆይበትን እጥፍ ስሌት የሞት ትርጓሜ አይነግረንም።

ለዚህ መልስ የሰጠው መጽሐፍ በእጃችን ያለ ነው። መጽሐፈ ኩፋሌ፣ አዳም በመጀመሪያው ሳምንት ተፈጠረ፣ ሔዋን በሁለተኛው ታየች፤ አዳም በአርባ ቀኑ፣ ሔዋን በሰማንያ ቀኗ ወደ ገነት ገቡ፤ የወላድ ሕግም ከዚያ ተሠራ ይላል። ቤተ ክርስቲያናችን ክርስትና የምታነሣበት ቀን ከዚህ ትረካ ጋር አንድ ነው። ኩፋሌ በመጀመሪያ የተጻፈው በዕብራይስጥ ቢሆንም፣ ሙሉውን ጠብቆ ለዓለም ያቆየው ግዕዝ ብቻ ነው። የዕብራይስጡ ቁርጥራጮች የተገኙት እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች ነው። የውጭ ሊቃውንት ስለ ጥንቱ የአይሁድ የንጽሕና አስተሳሰብ ሲጽፉ የኛን ብራና ሳይገልጡ አያልፉም፤ እኛ ግን መጽሐፉን በስሙ እንጂ በውስጡ ባለው እምብዛም አናውቀውም።

አሁን ወደ ውሃው ልሂድ። የካዛንቺስ ሰው ስለ ውሃ ሲወራ ጆሮው እንደሚቆም አውቃለሁ፤ በፈረቃ የኖረ ነውና። የረቢዎች ሕግ ለመንጻት ውሃ ሁሉ አይበቃም ይላል። በመሬት ውስጥ በተሠራ ገንዳ ተጠራቅሞ ቢያንስ አርባ ሰአ መሙላት አለበት። ሰአ ጥንታዊ ልክ ስለሆነ በዛሬው መስፈሪያ ስንት ነው በሚለው ሊቃውንቱ አይስማሙም፤ ዝቅተኛው ስሌት ወደ 330 ሊትር፣ ከፍተኛው ወደ 570 ሊትር ያደርሰዋል። በሃያ ሊትር ጀሪካን ስታስሉት ከአሥራ ሰባት እስከ ሃያ ዘጠኝ ጀሪካን መሆኑ ነው። ነገር ግን ሃያ ዘጠኝ ጀሪካን ተሰልፋችሁ ብትቀዱም ገንዳው አያነጻም፤ በዕቃ የተቀዳ ውሃ አይሆንምና። ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶም ዕቃ ነው። ሻወርም አይረዳም። ውሃው በሰው እጅ ሳይቀዳ ከሰማይ ወርዶ ወይም ከምድር ፈልቆ በራሱ የተጠራቀመ መሆን አለበት። ከዚህ ቁልቁል ያለው ፍልውሃ ከምንጩ ላይ ቢሆን ምንጭ ነውና በተስማማን ነበር፤ በቧንቧ ተስቦ የመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ከገባ ግን ያው የዕቃ ውሃ ሆነ። ሕጉ ይህን ያህል የሚጨነቀው ለውሃው ጥራት አይደለም። የክረምት ጎርፍ ድፍርስ ውሃ ሊሆን ይችላል፤ የተጣራው የቧንቧ ውሃ ላይሆን ይችላል። ሰው ያልሠራው ውሃ ይፈለጋል።

ዕቃም ይረክሳል። የሸክላ ዕቃ ከረከሰ መሰበር እንጂ መታጠብ አይበጀውም። የድንጋይ ዕቃ ግን፣ በረቢዎቹ ሕግ፣ ከመጀመሪያውም ርኩሰት አይቀበልም። በቃና ዘገሊላ ሰርግ ቤት ስድስት የድንጋይ ጋኖች ቆመው እንደነበር ወንጌላዊው ዮሐንስ የጻፈውን በየዓመቱ ጥር 12 ትሰማላችሁ። ለምን የድንጋይ እንደሆኑ ግን ስንቶቻችን ጠይቀናል? ዮሐንስ ራሱ ለአይሁድ የማንጻት ሥርዓት መሆናቸውን ይነግረናል። የዚያ ዘመን የድንጋይ ዕቃዎችና በደረጃ የሚወረድባቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ የመንጻያ ገንዳዎች ዛሬ በቁፋሮ ተገኝተዋል።

ይህ ሁሉ በትጋት ሲጠበቅ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ70 ሮማውያን ቤተ መቅደሱን አቃጠሉ። መቅደስ ከሌለ ወደ መቅደስ ለመግባት መንጻት ትርጉም ያጣል። በተለይ ሬሳ የነካ ሰው የሚነጻበት መንገድ ተዘጋ። ዘኁልቁ እንደሚለው ነውር የሌለባት፣ ቀንበር ያልተጫነባት ቀይ ጊደር ትቃጠልና አመድዋ ከምንጭ ውሃ ጋር ተደባልቆ በሦስተኛውና በሰባተኛው ቀን ይረጫል። የአይሁድ ትውፊት ከሙሴ ጀምሮ መቅደሱ እስኪፈርስ የታረዱት ጊደሮች ዘጠኝ ብቻ ናቸው ይላል። የዚህ ሥርዓት እንቆቅልሽ፣ አመዱ የረከሰውን ያነጻል፣ አመዱን ያዘጋጀውን ንጹሕ ሰው ግን እስከ ማታ ያረክሰዋል። ስለዚህ በዚህ ሕግ ውስጥ ከርኩሰት በላይ ነኝ የሚል ሰው የለም፤ የሚያነጻው ካህን ራሱ በተራው ይረክሳል።

ረቢዎቹ ሚሽና በሚባለው የሕግ መጽሐፋቸው ውስጥ ስለ ንጽሕና አሥራ ሁለት መጻሕፍት ያሉትን ክፍል አዘጋጅተው ትተዋል፤ አብዛኛው ዛሬ ለጥናት እንጂ ለኑሮ አይደለም። በኑሮ የቀረው ጥቂት ነው። ከአሮን ወገን ነን የሚሉ ወንዶች መቃብር ስፍራ አይገቡም። እንጀራ ከመብላት በፊት እጅ በጸሎት ይታጠባል። ባልና ሚስት በወር አበባ ጊዜ ይለያያሉ፤ በዚህ ላይ ደግሞ ረቢዎቹ ከኦሪቱ አጥብቀው፣ ደሙ ከቆመ በኋላ ሌላ ሰባት ንጹሕ ቀን ጨምረዋል። ከዚያ ሚቅዌ።

የረቢዎቹን ትምህርት የያዘውን ታልሙድን ያላዩ፣ ውሳኔያቸውም ያልደረሳቸው አይሁድ ግን በጎንደር፣ በደምብያ፣ በስሜን፣ በወገራ ነበሩ። ቤተ እስራኤል የሚባሉት እነዚህ አይሁድ የተቀበሉት ኦሪትን በግዕዝ፣ ኩፋሌንና ትእዛዘ ሰንበት የተባለውን መጽሐፋቸውን ነው፤ ሥርዓታቸውንም የሚመሩት ቄሶቻቸው ናቸው። መቅደስ ስለፈረሰ ቀርቷል የሚል መምህር ስላልነበራቸው፣ ሌላው ዓለም ለንባብ የተወውን ሕግ እነሱ በየቀኑ ኖሩበት።

መንደራቸውን ከወንዝ አጠገብ ይቆረቁሩ ነበር። ከመንደሩ ዳር በድንጋይ ክብ የታጠረች ጎጆ ነበረች፤ የመርገም ጎጆ ይሏት ነበር። ሴቲቱ የወር አበባዋ ሲመጣ ወደዚያ ትወጣና ሰባት ቀን ትቆይ ነበር። ምግቧን ሳይነኳት ከድንጋዩ አጥር ላይ ያኖሩላት ነበር። በሰባተኛው ቀን ልብሷንም ገላዋንም በወንዝ ታጥባ ፀሐይ ስትገባ ወደ ቤቷ ትመለስ ነበር። የኦሪቱ ሰባት ቀን ነው፤ የረቢዎቹ ተጨማሪ ሰባት የለበትም። ወላዷም ወንድ ስትወልድ ሰባት ቀን በመርገም ጎጆ፣ ሠላሳ ሦስት ቀን በአራስ ጎጆ ትቆይ ነበር፤ ሴት ስትወልድ አሥራ አራትና ስድሳ ስድስት። ደምሩት፤ አርባና ሰማንያ ይመጣል። ሬሳ የነካ ሰውም ከመንደር ውጭ ሰባት ቀን ይሰነብት ነበር። ዓርብ ማታ ሰንበት ሳይገባ ሁሉም ወንዝ ወርዶ ይታጠብ ነበር። ኩፋሌ ስለሚከለክል በሰንበት ባልና ሚስት አይገናኙም ነበር፤ በረቢዎቹ ትምህርት ግን የሰንበት ሌሊት ለዚህ የተመረጠ ነው። በአንድ ኦሪት ሁለት ተቃራኒ ልማድ ማለት ይህ ነው። መነኮሳታቸው ደግሞ፣ ሥርዓቱ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአባ ሳብራ እንደተጀመረ ይነገራል፣ ከራሳቸው ሕዝብም ተለይተው፣ ምግባቸውን ለራሳቸው አብስለው በታጠረ ቅጥር ይኖሩ ነበር።

ከክርስቲያን ጎረቤት ጋር የተነካካ ሰው ታጥቦ ነበር ቤቱ የሚገባው። ጎረቤቶቻቸው «አትንኩኝ» ይሏቸው ነበር። ውሃ ውሃ ይሸታሉም ይባል ነበር። እንደ ስድብ የተነገረውን ይህን ቃል እኔ ስሰማው፣ በደጋ ብርድ ወንዝ የሚወርድ ሰው ጽናት ትዝ ይለኛል።

ስለ ጎጆዋ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነገር ይነገራል። ወደ እስራኤል ከገቡ በኋላ የተጠየቁ ብዙ እናቶች ጎጆዋን በናፍቆት ያነሣሉ፤ ከወፍጮና ከእንስራ የሚያርፉባት፣ ከሴት ጓደኞቻቸው ጋር ያለ ወንድ ዓይን የሚያወሩባት ቦታ ነበረች። እውነት ነው ብዬ አምናለሁ። ይሁን እንጂ በአንድ ወገን ብቻ የሚያሳምሩትን ጸሐፊዎች አልከተልም። ጎጆዋ ትበርድ ነበር፣ ጅብ ነበር፣ አራሷም ከነጨቅላዋ ነበረች። ዕረፍት የሚያገኙት ርኩስ ሲባሉ ብቻ ከሆነ፣ የቀሩት ቀናት ምን ያህል ይከብዱ እንደነበር ያሳያል።

አሁን ወደዚህ ንግግር ዋና ነገር ደረስኩ። ቤተ እስራኤል በራሳቸው ሕግ ክርስቲያኑን ሲነኩ ይታጠቡ ነበር። ክርስቲያኑ ደግሞ እነሱ አንጥረኛና ሸክላ ሠሪ ስለሆኑ፣ ርስት ተነፍገው በእጅ ሙያ ስለኖሩ፣ ቡዳ ይላቸው ነበር፤ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ፣ በዓይናቸው ይበላሉ እያለ። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት አስተውሉ። የመጀመሪያው ርቀት ቀን አለው፤ ወንዙ ዘንድ ያበቃል፣ ማታ ያበቃል፣ በሰባተኛው ቀን ያበቃል። ሁለተኛው መጨረሻ የለውም። ቡዳ የተባለ ሰው ስንት ጊዜ ቢታጠብ ይጠራል? ልጁስ? የልጅ ልጁስ? የኦሪት ርኩሰት ካህኑንም ንጉሡንም ገበሬውንም በተራ የሚያገኝ፣ ከዚያም የሚለቅ ሁኔታ ነው። እኛ ያወጣነው ስም ግን በዘር የሚወረስ ሆነ። የጎንደርን ግንብ በማነጽ፣ ማረሻችንን በመቀጥቀጥ፣ ጀበናና ምጣዳችንን በመሥራት የሚታወቁት እነዚያው እጆች ናቸው። የንጽሕናን ሕግ የሚወቅስ ሰው በመጀመሪያ ይህን ሁለተኛውን ይውቀስ።

ነገሩ ባሕር ተሻግሮም ቀጠለ። በ1965 ዓ.ም. የእስራኤል የስፋራድ ዋና ረቢ ዖቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው ወሰኑ። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል በአውሮፕላን የተወሰዱት ሺዎች እዚያ ሲደርሱ ግን የረቢዎች ምክር ቤት ከመጋባታቸው በፊት በሚቅዌ መጥለቅ አለባቸው አለ፤ ከወንዶቹም ለግዝረት ምልክት የደም ጠብታ እንዲወሰድ የተጠየቀበት ጊዜ ነበር። ረቢዎቹ ምክንያት አላቸው፤ የፍቺና ሌሎችን ወደ እምነቱ የመቀበል ሥርዓቱ በታልሙድ መንገድ ስላልተፈጸመ ጥርጣሬ አለ ነው የሚሉት። በሌላው ወገን ግን ምን እንደተሰማ አስቡት። ሴቶቻቸው ከትውልድ ትውልድ በየወሩ ወንዝ የወረዱ፣ ከሰው ሲነካኩ የታጠቡ፣ ውሃ ይሸታሉ ተብለው የተሰደቡ ሰዎች ናቸው፤ አሁን አይሁድ እንድትሆኑ ውሃ ግቡ ተባሉ። በ1978 ዓ.ም. መጀመሪያ በኢየሩሳሌም ከረቢዎቹ ቢሮ ፊት ለፊት አንድ ወር ገደማ ተቀምጠው ተቃወሙ። እኔ የተቃዋሚዎቹን ወገን እይዛለሁ።

ከዚያ የባሰው በጥር 1988 ዓ.ም. መጣ። የእስራኤል የደም ባንክ ኢትዮጵያውያን የለገሱትን ደም የኤችአይቪን ሥጋት ምክንያት አድርጎ፣ ለሰጪዎቹ ሳይነግር ሲያስወግድ መኖሩ በጋዜጣ ወጣ። ሺዎች በጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ተሰልፈው ከፖሊስ ጋር ተጋጩ። ደም ምን ያህል የሚከብድ ነገር እንደሆነ ከሚያውቅ ባሕል ለመጡ ሰዎች ይህ የሕክምና ጥንቃቄ ሆኖ አልታያቸውም፤ ዳግመኛ መርከስ ነበር፤ ይኼኛው ደግሞ ሰባተኛ ቀን የለውም።

በቤትም ውስጥ ሕጉ ተናጋ። በአፓርታማ ላይ የመርገም ጎጆ የት ይሠራል? አንዳንዷ በረንዳ ላይ ተቀመጠች፣ አንዳንዷ አንድ ክፍል ለየች፣ ሳህንና ብርጭቆ የለየችም አለች። ከሆስፒታል ሕፃን ታቅፋ በሦስተኛው ቀን ወደ ቤት የተላከችው አራስ አርባውን ቀን የምትቆይበት አልነበራትም፤ ሽማግሌዎቹም እያዘኑ ዝም አሉ። ልጆቻቸው ብዙዎቹ ወደ ሚቅዌው መንገድ ሄዱ፤ ጨርሰው የተዉትም አሉ።

አዲስ አበባም የዚህ ታሪክ አካል ናት። በ1982 እና በ1983 ዓ.ም. በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤል ከጎንደር መጥተው በዚህች ከተማ ክፍል ተከራይተው ተራ ጠበቁ። የከተማችንን ወንዝ ባንተይቀጡን የምታውቁ ሰዎች፣ ያኔ ለመንጻት የሚወረድበት ወንዝ እንዳልነበረ ልነግራችሁ አያስፈልግም። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ኢሕአዴግ ከተማዋን ሊይዝ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከቦሌ በረረ። ዛሬም ቅድመ አያቶቻቸው ወደ ክርስትና የገቡ ወገኖቻቸው ጎንደርና አዲስ አበባ ውስጥ ተራቸውን እየጠበቁ ነው።

ወደ ደጃችን ልመልሳችሁና ላብቃ። አፄ ገላውዴዎስ እ.ኤ.አ. በ1555 በጻፉት የእምነት መግለጫ፣ ፖርቱጋሎች እንደ አይሁድ ትሆናላችሁ ላሏቸው መልስ ሰጥተዋል፤ ሰንበትን የምናከብረው፣ የምንገዘረው፣ እርያ የማንበላው እንደ አይሁድ ሕግ አይደለም ብለው። ክርክሩ እስከ ዛሬ ይሰማል፤ እኔ በእሱ አልገባም። በር ላይ የምትቆመዋን ሴት ትግባ አትግባ ማለትም የካህናቱ ድርሻ ነው። የኔ አቋም ግን ይህ ነው፦ ልማዱ ከዘሌዋውያን ከተወሰደ ሙሉውን እንውሰደው። ዘሌዋውያን ወንዱንም ይጠይቃል፤ ዘሌዋውያን አያሳፍርም፤ ዘሌዋውያን ለሁሉም የመመለሻ መንገድ ይሰጣል። በደጅ የቆመችን ሴት በዓይን የሚገላምጥ ሰው ያንን መጽሐፍ ምስክር አድርጎ መጥራት አይችልም።

በመጨረሻ ልመና አለኝ። ከጎንደር፣ ከደምብያ፣ ከወገራ የመጣችሁ እናቶችና አባቶች በዚህ አዳራሽ አላችሁ። ከቤተ እስራኤል መንደር ጎን ያደጋችሁ፣ ወንዙን የተጋራችሁ፣ ሸክላቸውን የገዛችሁ ትኖራላችሁ። የእነሱን ሽማግሌዎች ከእስራኤልም ከአሜሪካም እየመጡ የጠየቋቸው ተመራማሪዎች አሉ፤ የጎረቤቱን ወገን፣ የእኛን ወገን ግን ጠይቆ በአማርኛ የጻፈ ጥቂት ነው። የሰማችሁትንም፣ የሠራችሁትንም፣ ያላችሁትንም ክፉ ቃል ጭምር፣ ለልጆቻችሁ እየነገራችሁ አስጽፉ። መጻፍ የሚያስቸግራችሁ ካላችሁ፣ ጥያቄና መልሱ እንዳለቀ እኔ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ እዚህ እቆያለሁ።